ጂፒኤስ፣ ሞተር ሳይክልና የፎገራ ሜዳ መንገድ

ወረታ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አስፋልት በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ከሚያቀናው መንገድ ጋር የሚገናኝባት፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ለተዘረጋው የፎገራ ሜዳም የገበያና የአስተዳደር ማዕከል የሆነች የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። ከካይሮ ተነሥቶ በመተማ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አድርጎ እስከ ኬፕታውን የሚዘረጋው የአፍሪካ አቋራጭ ጎዳናም የሚያልፈው በዚህችው ከተማ ነው፤ ስለዚህም አህጉሩን በሞተር ሳይክል የሚያቋርጡ የውጭ አገር ተጓዦች፣ በመሪያቸው ላይ ውድ የአቅጣጫ መጠቆሚያ ገጥመው፣ በወረታ ማለፋቸው የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከሁሉ ያነሰ ጥቅም የሚሰጠው በዚሁ አስፋልት ላይ ነው፤ ዋናው መንገድ አንድ፣ መገንጠያውም አንድ በመሆኑ ለመሳሳት የሚያበቃ ምክንያት የለምና።

ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ተወርዶ ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣ ወደ ናበጋና ወደ ዋገጠራ፣ ወይም በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ወዳለው የሩዝ ማሳ ሲዘለቅ ነው። በዚያ የሚገኘው፣ ስምም ቁጥርም የሌለው፣ በበጋ የሚበዛና በክረምት የሚጠፋ የመንገድ መረብ ሲሆን፣ በዚህ መረብ ላይ በሞተር ሳይክል የሚመላለሱትም የግብርና ባለሙያዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የጤና ሠራተኞችና ነጋዴዎች ናቸው። በተለምዶ ጂፒኤስ የሚባለው የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ ለእነዚህ ሰዎች ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው፣ በስልክ መስተዋት ላይ ተደባልቀው የሚታዩትን ሁለት የተለያዩ እውቀቶች ለይቶ በማየት ነው። አንደኛው ተጓዡ ያለበትን ቦታ ማወቅ ሲሆን ይህ ከሰማይ ይገኛል፤ ሁለተኛው ከዚያ ቦታ ተነሥቶ በየት በኩል መሄድ እንደሚቻል ማወቅ ሲሆን ይህ ግን የሚገኘው መንገዱን ከሚያውቁ ሰዎች ብቻ ነው።

ርቀትን በሰዓት መለካት

በክረምት በጉና ተራራ አቅጣጫ መብረቅ ሲበርቅ ያየ ሰው፣ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለውን ጊዜ ቢቆጥር መብረቁ ምን ያህል እንደራቀ መገመት ይችላል፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ዘጠኝ ሰከንድ የዘገየ ነጎድጓድ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተነሣ ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ሲሆን፣ ልዩነቱ በድምፅ ፈንታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጓዘው የሬዲዮ ሞገድ መጠቀሙ ነው። ከምድር በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ የሚዞሩ፣ ቁጥራቸው ከ24 የማያንስ ሳተላይቶች፣ ያሉበትን ቦታና መልእክቱ የተላከበትን ጊዜ ሳያቋርጡ ያሰራጫሉ። እያንዳንዳቸውም የአቶም ሰዓት ይሸከማሉ፤ ይኸውም ጊዜን በአቶሞች የማይዛነፍ ንዝረት የሚቆጥር፣ ሰው ከሠራቸው ሰዓቶች ሁሉ እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው መቀበያ መልእክቱ የደረሰበትን ጊዜ ከተላከበት ጊዜ ጋር አነጻጽሮ ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያሰላል።

አንድ ርቀት ብቻውን ቦታን አይወስንም። ከባሕር ዳር ይህን ያህል ይርቃል ብቻ የተባለለት መንደር በባሕር ዳር ዙሪያ በሚሠራ ክብ ላይ የትም ሊሆን ይችላል፤ ከደብረ ታቦር ያለው ርቀት ሲጨመር ክቦቹ የሚቆራረጡባቸው ሁለት ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ፤ ከጎንደር ያለው ርቀት ሲታከልበት ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ይለያል። በሰማይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሦስት ሳተላይቶች ቦታን ይወስናሉ፤ አራተኛው የሚያስፈልገው የስልኩ ሰዓት እንደ አቶም ሰዓት ትክክል ስላልሆነ ስሕተቱን ለማረም ነው። በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ የተዛነፈ ሰዓት ቦታውን 300 ሜትር ያህል ያስታልና። አልበርት አንስታይን የተነተነው የጊዜ አንጻራዊነት እንኳ በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል፤ በሳተላይቱ ላይ ያለው ሰዓት ከምድሩ ሰዓት ይልቅ በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጥን፣ ይህ ባይታረም ስሕተቱ በየቀኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየጨመረ ይሄድ ነበር።

ሥርዓቱን የዘረጋው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ዕቅዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973፣ የመጀመሪያው ሳተላይት የተላከው በ1978፣ ሥራው የተሟላው በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 አንድ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ በሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ውስጥ ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሰላማዊ አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። ያም ሆኖ ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛነፍ ይደረግ ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ይህ እገዳ የተነሣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000 ነው። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮና እ.ኤ.አ. በ2020 የተጠናቀቀው የቻይናው ቤይዱ የተባሉ ተመሳሳይ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮችም የእነዚህን ሁሉ ምልክት በአንድነት ይቀበላሉ። መታወቅ ያለበት ዋና ነገር ስልኩ ምልክቱን የሚቀበል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልክ አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ኢንተርኔትም፣ ሲም ካርድም፣ ክፍያም አያስፈልገውም።

የሜዳው ክፍት ሰማይ

ለዚህ ምልክት ፎገራን የሚያህል ምቹ ስፍራ ማግኘት ይከብዳል። የሳተላይቱ ሞገድ ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ በመሆኑ ቅጠል፣ ገደልና ሕንጻ ይከልሉታል፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው ዳገት፣ በዓለም ሳጋ ደን አካባቢ፣ ዛፎቹ ምልክቱን ያዳክሙታል፤ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከሰማዩ የሚታየው ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው። በከተማ ፎቆች መካከል ሞገዱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ረጅም መንገድ ተጉዞ ስለሚደርስ ተጓዡን በማዶኛው ጎዳና ላይ ያለ ያስመስለዋል። በሜዳው ላይ ግን ሰማዩ ከአድማስ እስከ አድማስ ክፍት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ተራ ስልክ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ይህ ማለት ግን እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት፤ በዚህ ወገብ አካባቢ አዮኖስፌር የሚባለው፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሞላው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ከሌሎች ቦታዎች ይልቅ ይናወጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት በዚህ ክፍል ውስጥ የሚፈጠሩ ክፍተቶች የሳተላይቱን ምልክት፣ ከዋክብት እንደሚብለጨለጩ ሁሉ፣ አንዴ ያጠነክሩታል፣ አንዴ ያደክሙታል። ለሞተር ሳይክል ነጂ የሚያስከትለው መዛነፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ቢሆንም፣ በምሽት ነጥቡ ቢዋልል መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው አይገባም።

ካርታው የማያውቀው ክረምት

ቦታው በሜትር ልክ ከታወቀ በኋላ መንገዱን መምረጥ የካርታው ድርሻ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ካርታ መንገዶችን እንደ ክር፣ መገናኛዎቻቸውን እንደ ቋጠሮ አድርጎ የያዘ መረብ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ክር ርዝመቱ ወይም የሚፈጀው ጊዜ በቁጥር ተመዝግቦለታል። የደች የሒሳብ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ስልት ከአንድ ቋጠሮ ወደ ሌላው ከሚያደርሱት ክሮች ድምራቸው አነስተኛ የሆነውን ለይቶ ለማውጣት ያስችላል፤ የዛሬዎቹ መንገድ መራጮችም በመሠረቱ የሚከተሉት ይህንኑ ሐሳብ ነው። እንግዲህ መሣሪያው «አጭሩ መንገድ ይህ ነው» ሲል መንገዱን አይቶት አይደለም፤ የተሰጡትን ቁጥሮች ደምሮ ነው። ቁጥሩ ስሕተት ከሆነ ድምሩም ስሕተት ይሆናል።

የፎገራ ሜዳ ይህን ድክመት ገልጦ ያሳያል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው በሜዳው በኩል ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች ሲሆኑ፣ በክረምት ከደጋው አፈርና ጎርፍ ተሸክመው ሲወርዱ በሜዳው ላይ ፍጥነታቸውን ያጣሉ፤ ሐይቁም በዚያው ወቅት ስለሚሞላ ውኃው ወደ ኋላ እየተገታ በማሳና በመንደር ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ያፈናቀለ ነበር። ጎርፍ ባይኖርም እንኳ የሜዳው ዋልካ አፈር በጋ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፣ ዝናብ ሲነካው ግን ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ሞተሩን ከነነጂው የሚያስቆም ነው። በጥር አንድ ባለሞተር በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው የጋሪ መንገድ በነሐሴ ታንኳ የሚቀዘፍበት ውኃ ሊሆን ይችላል፤ በካርታው ላይ ግን በጥርም በነሐሴም ያው አንድ ቀጭን መስመር ነው።

ሩዝ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሜዳው መስፋፋቱም መንገዱን ይበልጥ ተለዋዋጭ አድርጎታል። ውኃ ለማቆር የሚሠራው የማሳ ድንበርና የመስኖ ቦይ የቀድሞውን መተላለፊያ ይቆርጠዋል፤ እግረኛና ባለሞተርም በሌላ በኩል አዲስ መተላለፊያ ያወጣሉ። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ካርታ የሚሠራ ሰው፣ ፎቶው በበጋ የተነሣ ከሆነ፣ ቦዩን ከመንገድ፣ የከብት ዱካውን ከጋሪ መንገድ መለየት ይቸግረዋል። የከፍታ መረጃም ከዚህ አያድነውም፤ ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,828 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን የጣና ወለል ከእርሷ የሚያንሰው በ40 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የጂፒኤስ የከፍታ ስሕተት ደግሞ ከአግድም ስሕተቱ ስለሚበልጥ፣ በእንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ምድር ላይ ውኃ የሚተኛበትን ረባዳ ከደረቁ ለይቶ ሊናገር አይችልም። ሰማዩ ከሁሉ በተሻለ በሚነበብበት ሜዳ ላይ መንገዱ ከሁሉ ባነሰ ሁኔታ የሚታወቅ መሆኑ የጉዳዩ እንብርት ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት

ብዙ ሰዎች ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ብለው የሚያምኑት ካርታው ከኢንተርኔት የሚመጣ ስለሆነ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ቦታውን የሚያመለክተው ነጥብ ይኖራል፤ ከሥሩ ያለው ካርታ ግን ባዶ ይሆናል። መፍትሔው የአካባቢውን ካርታ አስቀድሞ በስልክ ላይ ማውረድ ነው። ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት መተግበሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሥርቶ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራውን ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለ ነጻ የዓለም ካርታ ይጠቀማሉ፤ ካርታው አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላም መንገድ መምረጥንና በድምፅ መምራትን ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ የዚህን ዝግጅት አስፈላጊነት በግልጽ አሳይቷል።

ያለ ኢንተርኔት የሚጓዝ ሰው ለትዕግሥት ጥቂት ጊዜ መመደብ ይኖርበታል። ስልክ ኢንተርኔት ሲኖረው ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከመረቡ በቅጽበት ያገኛል፤ ሳይኖረው ግን ይህንኑ ከሳተላይቶቹ ራሳቸው ቀስ እያለ መቀበል አለበት። አንድ ሳተላይት የራሱን ቦታ ዝርዝር በየ30 ሰከንዱ ይደግመዋል፤ የሁሉንም ሳተላይቶች ጠቅላላ መግለጫ አስተላልፎ ለመጨረስ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ስለዚህ ስልኩን ለብዙ ቀናት አጥፍቶ የቆየ ሰው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ከቤት ወጥቶ፣ በክፍት ሰማይ ሥር ቆሞ፣ ነጥቡ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይገባዋል።

የቁጥር አጻጻፍ ጥንቃቄ

ስም የሌለውን መንደር፣ የውኃ ጉድጓድ ወይም የእንስሳት መከተቢያ ጣቢያ ለሌላ ሰው ለማመልከት አስተማማኙ መንገድ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን መላክ ነው፤ ኬክሮስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወይም በስተ ደቡብ ያለውን፣ ኬንትሮስ ደግሞ ከግሪንዊች መስመር በስተ ምሥራቅ ወይም በስተ ምዕራብ ያለውን ርቀት በዲግሪ የሚለኩ ናቸው። የወረታ መገኛ 11 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስላለው ይህ ቁጥር በአስርዮሽ ሲጻፍ 11.917 እና 37.700 ይሆናል። ደቂቃውን እንደ አስርዮሽ ቈጥሮ 11.55 እና 37.42 ብሎ ስልኩ ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ወረታን ከቦታዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አንሥቶ ባሕር ዳር ጠርዝ ላይ ያስቀምጣታል።

ከአሮጌ ካርታ ላይ ቁጥር ለሚወስዱም ሌላ ጥንቃቄ አለ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ለመላው ዓለም የወጣ ሌላ መነሻ ነው። የመለኪያ መነሻ ማለት የምድር ቅርጽ በሒሳብ የሚወከልበትና ቁጥሮቹ ሁሉ የሚጀምሩበት ስምምነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ሳይለወጥ የተወሰደ ቁጥር አንድን ድልድይ ካለበት አርቆ ውኃው ውስጥ ሊያሳየው ይችላል።

በሞተሩ መሪ ላይ

ሞተር ሳይክል ለስልክ ምቹ ማረፊያ አይደለም። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጣው ማስታወቂያ፣ ከኃይለኛ የሞተር ሳይክል ሞተሮች የሚመነጨውና በመሪው በኩል የሚተላለፈው ንዝረት የስልክ ካሜራን የማረጋጊያ አካል ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ በካሜራው ውስጥ ምስል እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርጉ እጅግ ጥቃቅን ተንቀሳቃሽ አካላት አሉና። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ንዝረቱ ቢቀንስም የኮረኮንች መንገዱ ይተካዋል፤ ስለዚህ ስልኩን በመሪው ላይ ማሰር ግድ ሲሆን ንዝረት በሚውጥ ላስቲክ ላይ ማሳረፍ፣ ካልሆነም በደረት ኪስ ይዞ በድምፅ ብቻ መመራት ይሻላል።

ውኃን በተመለከተ፣ አይፒ67 የሚል ምልክት ያለው መሣሪያ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚቋቋም ማለት ነው፤ ምልክቱ የሌለውን ስልክ በፌስታል መጠቅለል ከዝናብ ያስጥለዋል፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲወጣ ሙቀት ስለሚያፍን ቶሎ መገለጥ ይኖርበታል። ኃይልን በተመለከተ ደግሞ አብዛኛዎቹ ሞተሮች የሚጠቀሙት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሆን ስልክ የሚሞላው በ5 ቮልት ስለሆነ፣ ቮልቱን የሚቀንስና ከመጠን ያለፈ ፍሰት ሲመጣ የሚቋረጥ ፊውዝ ያለው መሙያ መግጠም እንጂ ገመድን በቀጥታ ማገናኘት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የነጂው ዓይን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ያልፋል፤ ለሁለት ሰከንድ ስልኩን ያየ ሰው 33 ሜትር ያህል መንገድ ሳያይ ተጉዟል ማለት ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ከብት፣ ሕፃን ወይም ጉድጓድ ሊገኝ ይችላል። እየነዱ ስልክን በእጅ ይዞ መነጋገር በኢትዮጵያ የትራፊክ ሕግ የሚያስቀጣውም በዚሁ አደጋ ምክንያት ነው። ስለዚህ መድረሻው ከመነሣት በፊት ተመዝግቦ፣ ካርታው እንደገና መታየት ሲያስፈልገው ከመንገድ ወጥቶ ቆሞ ማየት የአሠራሩ አካል ሊሆን ይገባል፤ በራስ ቁር ሥር የሚሰማ ድምፅም የሌላውን ተሽከርካሪ ድምፅ እስከሚሸፍን ድረስ ሊጎላ አይገባውም።

ካርታውን የሚሞላው እጅ

የመንገድ እጦት ሳይሆን የመንገድ አለመመዝገብ ነው የፎገራን ተጓዥ የሚያስቸግረው፤ እውቀቱ በሰዎች ዘንድ አለና። በሜዳው የሚኖር ገበሬ የትኛው መሻገሪያ በየትኛው ወር እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው ድልድይ በጎርፍ እንደተሸረሸረ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ በየትኛው ወገን ቢኬድ ደረቅ መሬት እንደሚገኝ ያውቃል። ይህ እውቀት በመሣሪያው ውስጥ የሚገባበት ቀላል ዘዴ ደግሞ ዱካ መቅዳት ይባላል፤ መተግበሪያው በየጥቂት ሰከንዱ የሞተሩን ቦታ እየመዘገበ የተኬደበትን መስመር ያስቀራል። ዱካው በመጀመሪያ የሚጠቅመው ነጂውን ራሱን ነው፤ ጨለማ ወይም ጉም ቢይዘው በመጣበት መስመር ይመለስበታል። ቀጥሎም ለሥራ ባልደረቦቹ ያስተላልፈዋል፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ሲመዘገብ ደግሞ መንገዱ በወቅት የሚዘጋ መሆኑን፣ ወንዙም ያለ ድልድይ በእግር የሚሻገሩት መሆኑን ለይቶ መጻፍ የሚያስችል ሥርዓት ስላለ ለማንኛውም ተጓዥ ይደርሳል። መንደሮች ሕዝቡ በሚጠራቸው ስም፣ በአማርኛ ፊደል የሚመዘገቡትም በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ ረገድ የሰውን ደኅንነት ማሰብ ያስፈልጋል፤ አንድ ዱካ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ነጂው የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚወጣና ማንን እንደሚጎበኝ ይናገራልና። ስለዚህ ለሕዝብ የሚወጣው የመንገዱ ክፍል ብቻ ሊሆን፣ መነሻውና መድረሻው የግል ቤት በሚሆንበት ጊዜም ሊቆረጥ ይገባል።

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ክትባት ይዞ የሚወርድ የእንስሳት ሐኪም ያለበትን ቦታ በ5 ሜትር ልክ ለማወቅ የሚረዱት ሳተላይቶች በማንኛውም ወር፣ በማንኛውም ሰዓት ከራሱ በላይ አሉ። ከእርሱ በፊት ያለፉት ግን ዱካቸውን ካልተዉለት ርብ ዳር ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እዚያ ያገኘውን ሰው «ውኃው ያሳልፋል?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው፤ መጠየቁም የተገባ ነው። የተሰጠውን መልስ ከቀኑና ከወሩ ጋር ከዱካው ጎን መዝግቦ ከተመለሰ፣ የጥር ወር መንገድ ለጥር፣ የነሐሴውም ለነሐሴ እንዲነበብ ሆኖ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ባለሞተር የሜዳው ሰዎች እውቀት ከሳተላይቱ ጋር አብሮ ይጓዛል።